የመምህር ጥያቄ በኪሎ አይሸጥ

ለ፦ በደቡብ ወሎ፣ በሰሜን ወሎና በደሴ ከተማ ለምትገኙ የትምህርት መምሪያና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች

ለ፦ በየትምህርት ቤቱ ላላችሁ ርዕሳነ መምህራንና መምህራን

ጉዳዩ፦ ያለፉ የፈተና ወረቀቶችን ስለ ማቆየትና ኮምፒውተር በአማርኛ ጥያቄ ማውጣት እንዲማር ስለ መርዳት

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ባለፈው ጥር ነው። ማታ ደሴ ፒያሳ ላይ ቆሎ ገዛሁ። የጥርን ብርድ ደሴ የኖረ ያውቀዋል። ሻጯ እናት ገብስና ሽንብራውን ቀላቅለው፣ ወረቀት እንደ ጥሩንባ ጠቅልለው ሰጡኝ። ቤት ገብቼ ቆሎውን ሳህን ላይ ገለበጥኩት። ወረቀቱን ልጥል ስል ዓይኔ ጽሑፉ ላይ ዐረፈ። የ7ኛ ክፍል የአማርኛ ፈተና ነው። ጥጉን የምጣድ ጥላሸት ነክቶታል። የተማሪው ስም ተቀዶ ግማሹ ብቻ ቀርቷል። በቀይ እስክሪብቶ 6/10 ተጽፎበታል።

ከላይ ስለ ንብ የሚያወራ አጭር ምንባብ አለ። ንብ አበባ ስታገኝ ወደ ቀፎዋ ትመለሳለች። ቀፎው ውስጥ እየተወዛወዘች፣ አበባው በየት በኩልና ምን ያህል ርቆ እንዳለ ለጓደኞቿ ታሳያለች ይላል። ከሥሩ አራት ጥያቄዎች አሉ። ሦስተኛዋን ሳነብ ቆሎውን ረሳሁት። እንዲህ ትላለች፦ «ንቧ ቀፎ ውስጥ ገብታ ባትወዛወዝ ኖሮ ሌሎቹን ንቦች ምን ይቸግራቸው ነበር?»

እስቲ ደግማችሁ አንብቧት። መልሷ ምንባቡ ውስጥ ተጽፎ አይገኝም። ተማሪው ማሰብ አለበት። ንቦቹ አበባ ፍለጋ በየአቅጣጫው ሲባዝኑ በዓይነ ኅሊናው ማየት አለበት። ይህችን ጥያቄ የጻፈው መምህር ማን እንደሆነ አላውቅም። ሥራውን የሚወድ ሰው እንደሆነ ግን ከጥያቄዋ ያስታውቃል።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። «እማማ፣ ይህን ወረቀት ከየት ነው የሚያገኙት?» አልኳቸው።

«ከትምህርት ቤት ነዋ ልጄ። በኪሎ ነው የምንገዛው። ምነው፣ ጥፋት አለው እንዴ?»

«ኧረ የለውም እማማ፣ አብሽሩ» አልኳቸው። የቀረውን ወረቀት ግን በሙሉ ገዛኋቸው። በልዋጩ ጋዜጣ አመጣሁላቸው።

የትምህርት ቤቱን ስም እዚህ አልጠቅስም። ወረቀቱን የሸጡት ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም። መጋዘኑ ሞልቷል። ዝናብ ይገባል፣ አይጥ ይበላዋል። ከሽያጩ ጠመኔና እስክሪብቶ ይገዛል። እኔም አስተማሪ በነበርኩባቸው ዘጠኝ ዓመታት የዓመቱ መጨረሻ ሲደርስ የፈተና ወረቀቶቼን ከግቢው ጀርባ አቃጥል ነበር። ማንም ያቃጥል ነበር። ምን እያቃጠልኩ እንደነበር የገባኝ አሁን ነው።

የምጽፍላችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

ማስተማሩን ከተውኩ በኋላ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማርኩ። ላለፉት ሁለት ዓመታት የያዝኩት ሥራ አንድ ነው፤ ኮምፒውተር አማርኛ አንቀጽ አንብቦ ጥያቄ እንዲያወጣ ማስተማር። ሥራው ለወሎ ልጆች ምን እንደሚጠቅም ኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ፤ ምክንያቱም የምጠይቃችሁ ነገር ግልጽ የሚሆነው አሠራሩ ከገባችሁ ነው።

ኮምፒውተሩ አንድ አንቀጽ ይሰጠዋል። ከአንቀጹ ውስጥ መልስ እንዲሆን የተፈለገው ቃል ይታየዋል። እሱ ደግሞ ያ ቃል መልስ የሚሆንለትን ጥያቄ ይጽፋል። ድሮ ይህ የሚሠራው በሰዋስው ሕግ ነበር። በፈረንጆቹ 2010 ገደማ የነበሩት የእንግሊዝኛ ሥራዎች ዓረፍተ ነገሩን በሕግ እየገለባበጡ ብዙ ጥያቄ ያወጣሉ፤ ከዚያ የተሻለውን ይመርጣሉ። በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2016 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ስኳድ የሚባል ትልቅ የጥያቄና መልስ ስብስብ አወጡ። ሰዎችን በኢንተርኔት ቀጥረው፣ ከ500 በላይ የዊኪፔዲያ ጽሑፎችን እያስነበቡ፣ ከ100 ሺህ በላይ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው አስጻፉ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ሕግ አይነገረውም። ምሳሌ ይታየዋል። አንቀጹ ይኸው፣ መልሱ ይኸው፣ ሰው የጠየቀው ጥያቄ ደግሞ ይኸው ይባላል። መቶ ሺህ ጊዜ ሲያይ አጠያየቁን ይለምዳል።

ለአማርኛስ ምን አለን? ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት አምኪውኤ የሚባል ስብስብ በ2023 ወጥቷል። 378 የዊኪፔዲያ ጽሑፎችን ይዞ 2,628 ጥያቄዎች አሉት። የሠሩትን ሰዎች እግዜር ይስጣቸው። ያለ እነሱ እኔም ይህን ሥራ አልጀምረውም ነበር። ግን ሒሳቡን አስሉት። እንግሊዝኛው አርባ ጥያቄ ሲኖረው አማርኛ አንድ ነው ያለው። የአማርኛ ዊኪፔዲያ ራሱ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ነው ያለው፤ እንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን ይበልጣል። የንብ ቀፎ፣ የእርከን ሥራ፣ የባቲ ሰኞ ገበያ፣ ለ7ኛ ክፍል ልጅ በሚገባው አማርኛ ተጽፎ እዚያ አይገኝም።

ትንሽ ምሳሌ ብቻ ሲኖር የሚደረግ አንድ ዘዴ አለ። ጉግል በ2020 ያወጣው ኤምቲ5 የሚባል ሞዴል፣ ማለትም ብዙ ጽሑፍ እያነበበ ቋንቋ የለመደ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ 101 ቋንቋዎችን አንብቧል፤ አማርኛም አለበት። ይህንን ሞዴል መጀመሪያ የእንግሊዝኛውን መቶ ሺህ ጥያቄ ታስጠኑታላችሁ። ቀጥሎ ባለችው ጥቂት የአማርኛ ጥያቄ ታርሙታላችሁ። ክራር የሚመታ ሰው ማሲንቆ ሲይዝ ከዜሮ አይጀምርም፤ ጆሮው ቀድሞ ተከፍቷል። ይህም እንደዚያ ነው።

ይሠራል። እውነቱን ለመናገር ከጠበቅኩት በላይ ይሠራል። ግን መጀመሪያ ላይ ያስቸገረኝን ልንገራችሁ። የእንግሊዝኛውን ብቻ አስጠንቼው አማርኛ አንቀጽ ስሰጠው ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ጻፈው። አንዳንዴም ጀምሮ በአማርኛ፣ ጨርሶ በእንግሊዝኛ። የሞዴሉ ሠሪዎች ራሳቸው ይህን ችግር በጽሑፋቸው ገልጸውታል። ጥያቄ ምን እንደሆነ ያወቀው በእንግሊዝኛ ብቻ ስለሆነ፣ መጠየቅና እንግሊዝኛ መናገር ለእሱ አንድ ሆነውበታል። የአማርኛ ጥያቄዎችን ሳሳየው ይህ ወዲያው ተስተካከለ። ጥቂት ምሳሌ ትልቅ ሥራ እንደሚሠራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር የቋንቋችን ጠባይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የአማርኛ መምህራን በዚህ ጉዳይ ከእኔ ይልቅ አዋቂዎች ናችሁ።

አማርኛ ብዙ ነገር በአንድ ቃል ይናገራል። «አልሰጠቻቸውም» አንድ ቃል ናት። ግን ሰጪዋ ሴት ናት፣ ተቀባዮቹ ብዙ ናቸው ወይም አንቱ የሚባሉ ሰው ናቸው፣ ድርጊቱም አልተፈጸመም። ሰጪዋ ስሟ ሳይጠራ ግሱ ውስጥ ተደብቃለች። «ማን አልሰጣቸውም?» ብሎ ለመጠየቅ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ቃሏን መፍታት አለበት። መስተዋድዱም ከስሙ ጋር ተጣብቋል። «ከደሴ» የሚለው መልስ ከሆነ ጥያቄው «የት» ሳይሆን «ከየት» ነው። «ለእናቱ» ከሆነ «ለማን»፣ «እናቱን» ከሆነ «ማንን» ነው። ደግሞ አክብሮት አለ። «ንጉሡ ቤተ ክርስቲያኑን አሠሩ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰጥቼው «ቤተ ክርስቲያኑን ማን አሠሩ?» አለኝ። የ3ኛ ክፍል ልጅ እንኳ እንዲህ አይልም። «ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ማን ናቸው?» ነው የምንለው። ዓረፍተ ነገሩ ራሱ መልኩን መቀየር አለበት። ይህን ደግሞ ከእንግሊዝኛ ሊማረው አይችልም።

የወሎን ጽሑፍ ስሰጠው ደግሞ ባሰ። «ዘፋኙ በባቲ ተጫወተው» ሲባል ከተማዋ ናት ወይስ ቅኝቱ? እኛ ከአካባቢው ቃል እንለየዋለን። ኮምፒውተሩ ግን «ዘፋኙ የት ተጫወተው?» ብሎ ይጠይቃል። አምባሰልም እንደዚሁ ነው፤ ተራራም ነው፣ ወረዳም ነው፣ ቅኝትም ነው። ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ ስሙ ራሱ ሐይቅ ነው። የሚጻፈውም በሐመሩ ሐ፣ በሃሌታው ሀ፣ አንዳንዴም በብዙኃኑ ኀ ነው። ለኮምፒውተሩ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ዓመተ ምሕረቱም ይደባለቅበታል። የዓድዋ ድል በ1888 ነው ከሚል አንቀጽ ተነሥቶ፣ 1896 መልስ የሚሆንለትን ጥያቄ ያወጣል፤ ከውጭ ጽሑፍ ያነበበው ይህን ነውና።

ታዲያ የእንግሊዝኛውን መቶ ሺህ ጥያቄ በማሽን ተርጉመን ለምን አንገላገልም? የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ሞክሬዋለሁ። ሲተረጎም መልሱ አንቀጹ ውስጥ አንድ መልክ ይይዛል፣ ለብቻው ሲተረጎም ሌላ መልክ። ከዚያ መልሱ አንቀጹ ውስጥ ተፈልጎ ይጠፋል። ጥያቄዎቹም ሰው የጠየቃቸው አይመስሉም። ቃላቸው አማርኛ ነው፣ አካሄዳቸው አይደለም። ከዚህ የተማረ ሞዴል ደግሞ ልጆቻችንን መልሶ በዚያ አማርኛ ይጠይቃቸዋል። ልጁም የመጽሐፍ አማርኛ ይህ ነው ብሎ ይቀበለዋል።

የትርጉም ነገር ለወሎ ሰው ማስረዳት የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ ውጫሌን ታልፋላችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመው እዚያ ነው። በአማርኛው አንቀጽ 17 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ ይችላሉ ይል ነበር። ጣሊያንኛው ደግሞ ግዴታ አደረገው። በአንድ ግስ ልዩነት ኢጣሊያ ኢትዮጵያ የእኔ ጥገኛ ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። መጨረሻው ዓድዋ ነው፣ የካቲት 23 ቀን 1888። ይህን አንቀጽ ለኮምፒውተሬ ሰጥቼው «ውሉ መቼ ተፈረመ?» ብሎ ጠየቀ። «ውሉ የት ተፈረመ?» አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንድ የደሴ የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር ጓደኛዬ ያንኑ አንቀጽ አንብቦ ወዲያው የጻፈው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ «ዳግማዊ ምኒልክ ጣሊያንኛውን ማንበብ ቢችሉ ኖሮ ውሉን ይፈርሙት ነበር ትላላችሁ? ምክንያታችሁን ጻፉ።»

ልዩነቱ ይህ ነው። ደብዳቤውን የጻፍኩትም ለዚህች ልዩነት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ወሳኝ ነው። ምሳሌ ሲያንስ ኮምፒውተሩ ራሱ ጥያቄ እያወጣ ራሱን እንዲያስተምር ይደረጋል። አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ ሞዴል ጥያቄ ያወጣል። ሌላው ሞዴል አንቀጹን አንብቦ ይመልሳል። የመለሰው መልስ ጥያቄው ከተነሣበት መልስ ጋር ከገጠመ ጥያቄው ይቀመጣል። ካልገጠመ ይጣላል። ከድሮው ችሎት «ተጠየቅ» ጋር ይመሳሰላል፤ ጠያቂውም ተጠያቂውም አለ። በዚህ መንገድ በሺዎች የሚቆጠር ጥያቄ በአንድ ሌሊት ማግኘት ይቻላል። እኔም አግኝቻለሁ።

የቆሎዋን ጥያቄ ግን በዚህ ወንፊት አሳለፍኳት። ጣላት።

ለምን? መልሷ አንቀጹ ውስጥ ቃል በቃል የለማ። መላሹ ሞዴል የሚይዘው አጣ። ስለዚህ «መጥፎ ጥያቄ» ተብላ ወደቀች። «ንብ አበባ ስታገኝ ወዴት ትመለሳለች?» የሚለው የኮምፒውተሩ ጥያቄ ግን ያለ ምንም ችግር አለፈ። ያን ቀን ወንበሬ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሩን ብቻውን ብንተወው ልጆቻችንን የሚጠይቀው ጣት የሚያርፍበትን ነገር ብቻ ይሆናል። የት፣ መቼ፣ ማን፣ ስንት። ምርጥ ምርጡን ጥያቄ እየጣለ፣ ቀላል ቀላሉን እያከማቸ ይሄዳል። ከዚህ የሚያድነው የሰው ጥያቄ ብቻ ነው። ያ የሰው ጥያቄ ደግሞ በየትምህርት ቤታችሁ መጋዘን ውስጥ በኬሻ ተቋጥሮ ተቀምጧል።

ወሎ ጥያቄ የተማረበት አገር ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ሲያስተምሩበት ተማሪው መምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ነበር የሚማረው። የቆሎ ተማሪውም በየደብሩ፣ ደረሳውም በየሼሁ ቤት፣ ጠይቆና ተጠይቆ ነው ያደገው። ልጆቻችን ማታ ማታ «እንቆቅልሽ» «ምን አውቅልህ» ሲባባሉ የሚያውቁት እንቆቅልሽ ሲያልቅባቸው አዲስ ይፈጥራሉ። ሃያና ሠላሳ ሰምተው የራሳቸውን ያወጣሉ። እኔ በኮምፒውተር የምደክምለት ነገር ያ ነው።

አሁን ወደ ጥቅሙ ልምጣ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፤ በ2016 5.4 በመቶ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ አውቃለሁ። የኔ ሥራም ይህን ብቻውን አይፈታውም። ግን አንብቦ መረዳት የሚጀመረው ከታች ነው፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ። አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ በመጽሐፉ ውስጥ ካለ አንድ ምንባብ ሥር የሚያገኘው ጥቂት ጥያቄ ነው። እሱን ክፍል ውስጥ ሠርቶ ይጨርሳል። ቤት ሲገባ የሚለማመድበት የለም። ከተማ ያለው ልጅ አጋዥ መጽሐፍ ይገዛል፣ አስጠኚ ይቀጠርለታል። ተንታ፣ ደላንታ፣ ዋድላ ያለው ልጅ ይህ የለውም። በ2014ቱ ጦርነት ስንት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍቱን እንዳጣ እናንተ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ።

አስተማሪውም ይደክመዋል። ስልሳ ተማሪ፣ አምስት ሴክሽን፣ በሳምንት ሃያ አምስት ክፍለ ጊዜ። ማታ ደብተር ሲያርም አምሽቶ ለነገው አዲስ ጥያቄ ማውጣት ይከብደዋል። ስለዚህ የአምናውን ይደግመዋል። ልጆቹም ከታላላቆቻቸው መልሱን ሰምተው ይመጣሉ። ኮምፒውተሩ ከአንድ ምንባብ ሃያ ጥያቄ አውጥቶ ቢሰጠው፣ መምህሩ አምስቱን ይመርጣል፣ ሁለቱን ያስተካክላል፣ የቀረውን ይጥላል። ኢንተርኔት የግድ አይደለም። አነስ ያለ ሞዴል ትምህርት ቤቱ ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል፤ ቀስ ይላል እንጂ።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህ ነው። ከሁሉ በፊት የፈተና ወረቀት በኪሎ መሸጥና ማቃጠል ይቁም። አንድ የስብሰባ ቃል ይበቃል፤ ከእያንዳንዱ ፈተና አንድ ንጹሕ ቅጂ፣ ያልተሠራበት፣ የተማሪ ስም የሌለበት፣ ከነምንባቡ ይቀመጥ። ምንባቡ የሌለበት ጥያቄ ለዚህ ሥራ አይረዳም። መልሱንም መምህሩ በእጁ ይጻፍበት። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ ማንሣት ይቻላል፤ ስካነር አያስፈልግም። ፎቶውን ወደ ጽሑፍ የመለወጡን ሥራ እኔና አብረውኝ የሚሠሩ ወጣቶች እንሠራዋለን። ደግሞ የመማሪያ መጻሕፍቱ ባለቤት መንግሥት ስለሆነ፣ ምንባቦቹን ለዚህ ሥራ እንድንጠቀም በጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልገናል። እኔ በግሌ ሄጄ ላገኘው አልቻልኩም። ጥያቄው በእናንተ በኩል ወደ ክልል ትምህርት ቢሮ ቢወጣ መንገዱ ያጥራል።

ትልቁ ልመናዬ ግን ስለ ክረምት ነው። በየክረምቱ መምህራን ለሥልጠና ይሰበሰባሉ። ከዚያ ሥልጠና ሁለት ሰዓት ብቻ ስጡን። እያንዳንዱ መምህር ከሚያስተምረው መጽሐፍ አንድ ምንባብ ይምረጥና ዐሥር ጥያቄ ይጻፍ። አምስቱ መልሳቸው ምንባቡ ውስጥ ያለ፣ አምስቱ እንደ ቆሎዋ ጥያቄ የሚያሳስቡ ይሁኑ። አንድ ሺህ መምህር ዐሥር ዐሥር ቢጽፍ ዐሥር ሺህ ነው። ዛሬ በእጃችን ካለው ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ፣ ያውም ከአንድ አካባቢ፣ በሁለት ሰዓት። ስብስቡ ሲያልቅ ለማንም ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። አይሸጥም። የፈቀዱ መምህራን ስማቸው ይጻፍበታል፤ ሥራቸው ነውና።

ሥጋታችሁን አውቃለሁ። ፈተና ይወጣል ትሉ ይሆናል። የምንፈልገው ያለፈውን ነው፤ ያልተፈተነ ወረቀት አንነካም። መምህሩ ሥራውን ለማሽን ይተወዋል ትሉም ይሆናል። ማሽኑ «ማን አሠሩ?» ብሎ ሲጽፍ የሚያርመው ማን ነው ታዲያ? ጥያቄዎቹ ጥሩ መሆናቸውን የምንለካበት ዘዴ ራሱ መምህር ይፈልጋል። የተለመደው መለኪያ የኮምፒውተሩን ጥያቄ ቃላት ሰው ከጻፈው ጥያቄ ቃላት ጋር እያስተያየ ይቆጥራል። «ማን ሠራው?» እና «የሠራው ማን ነው?» ለእኛ አንድ ናቸው። ለመለኪያው ግን የሚገጥሙት በአንድ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ትተን ጥያቄዎቹን ለመምህራን አስነብበን «ይህን ክፍል ውስጥ ትጠይቁታላችሁ?» ብለን መጠየቅ አለብን። ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላገኘሁም።

ሌላው ሥጋት የእኔ የራሴ ነው። ከከተማ ትምህርት ቤቶች ብቻ ከሰበሰብን ኮምፒውተሩ የከተማ ልጅ አማርኛ ብቻ ይለምዳል። ስለዚህ ከቦረናም፣ ከለጋምቦም፣ ከመቄትም ይምጣ። አርጎባኛም ኦሮምኛም የሚናገሩ ልጆች አማርኛ ሲማሩ የሚከብዳቸው ጥያቄ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው እዚያው ያለው መምህር ነው። ለቋንቋዎቹም ነገ ተመሳሳይ ሥራ መጀመር አለበት። የአማርኛው መንገድ ከተጠረገ ለእነሱ ይቀላል።

ወጪ አልጠይቅም። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ነፃ ነኝ። የትኛውም ወረዳ ቢጠራኝ ላፕቶፔን ይዤ እመጣለሁ። መብራት ባይኖር ባትሪው ሦስት ሰዓት ይቆያል። መምህራኑ ከመጽሐፋቸው አንድ ምንባብ ይስጡኝ፤ ኮምፒውተሩ ምን እንደሚጠይቅ ፊታቸው ላይ ይዩት። የሚሳሳተውን ያርሙት። ያረሙት ሁሉ ስብስቡ ውስጥ ይገባል።

የቆሎዋን ወረቀት የጻፋችሁ መምህር ይህን ደብዳቤ ካነበባችሁ እባካችሁ አግኙኝ። አራተኛው ጥያቄ ተቀዶ ግማሹ የለም። «ንቦቹ ሁሉም አንድ አበባ ላይ ቢሄዱ» ይልና ይቆማል። ቀሪውን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የቀድሞ የ7ኛ ክፍል መምህር
ደሴ

አባሪ፦ የተማሪው ስም የተሸፈነበት የአንድ ፈተና ወረቀት ቅጂ፣ 1 ገጽ

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ
ለወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ደሴና ኮምቦልቻ
ወረቀቱን ለሰጡኝ ለቆሎ ሻጯ እናት (ደብዳቤው ይነበብላቸዋል)